ትጋሃ ሌሊት በበዓላት ዋዜማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ወምእመናት፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት በዓል የሚጀመረው በማግሥቱ ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ነው። ዋዜማ ተቁሞ፥ ሌሊቱ በማኅሌት ታድሮ፥ ኪዳን ደርሶ፥ ከዚያ በኋላ ቅዳሴ ይገባል። ይህ ትጋት ከወዴት እንደ መጣና የማን እንደ ሆነ ዛሬ በአጭሩ እንናገራለን።

መሠረቱ ጌታችን ራሱ ነው። ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ከመምረጡ አስቀድሞ ወደ ተራራ ወጥቶ ሌሊቱን ሁሉ በጸሎት እንዳደረ ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል። ጳውሎስና ሲላስም በፊልጵስዩስ ወህኒ ቤት ታስረው ሳሉ በመንፈቀ ሌሊት ይጸልዩና ይዘምሩ ነበር።

ሐዋርያት ካለፉም በኋላ ሥርዐቱ አልተቋረጠም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ112 ዓ.ም. ገደማ በታናሽ እስያ የነበረው አረማዊ ገዥ ፕሊኒዮስ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ ሲጽፍ፥ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክነቱ እየተቀባበሉ እንደሚዘምሩ አስታወቀ። ሊከሳቸው የጻፈው ምስክር ሆነላቸው።

በዚሁ አቈጣጠር በ356 ዓ.ም. በየካቲት ወር በአንድ ሌሊት፥ የእስክንድርያ ሕዝብ ለማግሥቱ ቍርባን በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ሲተጋ፥ የአርዮሳውያን ወዳጅ የነበረው የንጉሥ ቆስጠንጢዮስ የጦር አለቃ ሶርያኖስ ከ5000 በሚበልጡ ወታደሮች ከበበው። ቅዱስ አትናቴዎስ ሕዝቡን ጥሎ መሸሽን አልወደደም። በመንበሩ ተቀምጦ ዲያቆኑ 135ኛውን መዝሙር እንዲያነብ፥ ሕዝቡም የእግዚአብሔር ምሕረት ዘለዓለማዊ መሆኑን እየመሰከረ እንዲቀበለው አዘዘ። ወታደሮቹ በሩን ሰብረው ሲገቡም ሕዝቡ አስቀድሞ ይውጣ አለ እንጂ ራሱን አላስቀደመም፤ በመጨረሻ መነኮሳትና ካህናት ይዘው አወጡት።

ይህ አባት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ነው። ቆስጠንጢዮስም ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ አባ ሰላማን ወደ እስክንድርያ እንዲልኩ ጠይቆ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች።

ቅዱስ ባስልዮስም በ375 ዓ.ም. ገደማ፥ የሌሊቱን ዝማሬ እንግዳ ሥርዐት ነው ብለው ለነቀፉት ለአዲሲቱ ቂሳርያ ካህናት ሲመልስ፥ ሕዝቡ በሌሊት ተነሥቶ በሁለት ወገን እየተከፈለ መዝሙር እንደሚቀባበል፥ ይህም በግብጽ፥ በፍልስጥኤምና በሶርያ የጸና መሆኑን ገለጸ። በእኛም አገር በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ለየበዓሉ የሚገባውን ዜማ በድጓው ሠራ። ከእርሱ በኋላ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሰዓታቱን ጸሎት አበጀልን። ዛሬም መዘምራን በግራና በቀኝ ቆመው፥ በመቋሚያ፥ በጸናጽልና በከበሮ እየተቀባበሉ ሲያድሩ የምናየው ይኸው የቀድሞው ትጋት ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ ነገሩን ልብ በሉት። በእስክንድርያ ሰይፍ በተመዘዘበት ሌሊት መዝሙሩን የተቀበለው ማን ነበር? ሕዝቡ ነበር። በባስልዮስ አገርም በሌሊት የተነሣው ሕዝቡ ነው። ዛሬ ግን በብዙ አጥቢያ ማኅሌቱ ለመሪጌታውና ለጥቂት አረጋውያን ተትቷል። ብዙዎቻችን ዋዜማውን በድግስ ዝግጅት አሳልፈን፥ ነጭ ለብሰን የምንደርሰው ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ነው። ድግሱ ባልከፋ፤ ነገር ግን ባለበዓሉን ሳይቀበሉ ለበዓሉ መደገስ ምን ይጠቅማል? የትንሣኤን ሌሊት እንደምንተጋ ሁሉ ሌላውንም ልናስበው ይገባናል።

ሕፃን የምታጠባ እናት፥ የታመመ፥ በሌሊት ሥራ ያለበት ሰው ቢቀር አይፈረድበትም። እርሱም በቤቱ ሆኖ ደወሉን ሲሰማ ተነሥቶ አቡነ ዘበሰማያት ቢደግም ከማኅበሩ ጋር ተቈጥሮለታል። መምጣት የሚቻለን ግን በሚመጣው በዓል አንድ ልጃችንን ይዘን እንምጣ፤ ልጁ ያላየውን ትጋት ነገ አይወርሰውምና።

ሙሽራው በመንፈቀ ሌሊት በመጣ ጊዜ መብራታቸውን አብርተው ከተቀበሉት ከልባሞቹ ደናግል ጋር ይደምረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።