ያደላ አፍና ዕዳው

የኳስ ጨዋታ በራዲዮ ስንከታተል ሜዳውን የምናየው በጋዜጠኛው ዐይን ነው። ጥፋተኛውንም የምንለየው በእሱ ፍርድ ነው። ታዲያ ጋዜጠኛው ራሱ ደጋፊ ሲሆንስ? «ምን አለበት፤ ለአገር ልጅ ማድላት ፍቅር ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛም ስንል ኖረናል። የብራዚል ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1940ዎቹ በሪዮ ዴ ጃኔሮ አሪ ባሮሶ የሚባል ሰው ነበር። በ1939 «አኳሬላ ዶ ብራዚል» የተሰኘውን ዝነኛ ዜማ የደረሰ ሙዚቀኛ ሲሆን ኳስም በራዲዮ ያስተላልፍ ነበር። የፍላሜንጎ ደጋፊነቱን አልደበቀም። ጎል ሲገባ ሃርሞኒካ ይነፋል፤ ለፍላሜንጎ ሲሆን አስረዝሞ፣ ለባላጋራ ሲሆን ባጭሩ! ተቀናቃኙ ቫስኮ ዳ ጋማ ሜዳዬ አትገባም ቢለው ከጎረቤት ጣራ ላይ ሆኖ አስተላለፈ ይባላል። ይኸ ያስቃል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ አድማጩ የማንን አፍ እንደሚሰማ ያውቃልና።

አድልዎው የአገር ሁሉ ድምፅ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1950 ብራዚል የዓለም ዋንጫን አዘጋጀች። ስዊድንን 7 ለ 1፣ እስፓኝን 6 ለ 1 ድል ነሥታ ከኡራጓይ ጋር ለመጨረሻው ጨዋታ ቀረበች። እኩል ብትወጣ እንኳ ዋንጫው የሷ ነው። «ኦ ሙንዶ» የተባለው የሪዮ ጋዜጣ ጨዋታው ሳይጀመር የብራዚልን ተጫዋቾች ፎቶግራፍ «የዓለም ሻምፒዮኖች እነዚህ ናቸው» ብሎ አወጣ። ልጁ ሳይወለድ ክርስትና ማንሣት ይሏል ይኸ ነው! የኡራጓዩ አምበል ኦብዱሊዮ ቫሬላ ጋዜጣውን ገዝቶ ለጓደኞቹ እንዳሳያቸው ይተረካል።

ጁላይ 16 ቀን በማራካኛ ስታዲየም በይፋ የተመዘገበው ተመልካች 173,850 ነበር። ፍሪያሳ በ47ኛው ደቂቃ ለብራዚል አገባ። ስኪያፊኖ በ66ኛው እኩል አደረገ። ጊጂያ በ79ኛው ጨረሰው። ኡራጓይ 2፣ ብራዚል 1።

«ኡራጓይ በልጣን አሸነፈች» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ግን አስቀድሞ ሻምፒዮን የተባለ ቡድን ሲሸነፍ ሽንፈቱ ክህደት ይመስላል፤ ክህደት ደግሞ ከሃዲ ይፈለግለታል። ጣት የተቀሰረው በበረኛው ባርቦሳ፣ በተከላካዮቹ በቢጎዴና በዡቬናል ላይ ሆነ። ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ። ባርቦሳ በ1993 የብሔራዊ ቡድኑን ልምምድ ሊጎበኝ ቢሄድ፣ ገደቢስ ነው ተብሎ ተመለሰ። በ2000 በ79 ዓመቱ ከመሞቱ በፊት፣ በብራዚል ሕግ ትልቁ ቅጣት 30 ዓመት ሆኖ ሳለ እሱ ግን 50 ዓመት እንደታሠረ ተናግሯል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ያ ሁሉ ውዳሴ ኡራጓይን አልጎዳም፤ እንዲያውም እልህ ሰጣት። ዕዳውን የከፈለው የገዛ አገር ልጅ ነው፤ ያውም ዕድሜ ልኩን።

እኛስ? ስለ ፋኩልቲያችን ቡድን በግድግዳ ጋዜጣ ስንጽፍ ስንቴ «ዳኛው በላን» ብለናል! ዳኛው ያልበላን ዕለትስ በረኛችንን ምን ብለን ሰደብነው? ለሚቀጥለው ግጥሚያ ብዕር ስናነሣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ባላጋራችን ያደረገውን መልካም ጨዋታ እንጻፍ። ያን ጊዜ ብንሸነፍም በረኛችን ቀና ብሎ ካፍቴሪያ ይገባል።