በፊልም ቀረጻ ወቅት የጦር መሣሪያ ደኅንነት ኃላፊነት
በዲላ ከተማም ሆነ በሌሎች የጌዴኦ ዞን አካባቢዎች ፊልም የሚቀርጽ ማንኛውም ሰው፣ የቀረጻ ፈቃድ ማግኘቱ የጦር መሣሪያ ለመያዝ እንደማያበቃው ሊገነዘብ ይገባል። የመሣሪያ ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ከዘመድ የተዋሱት ጠመንጃ፣ ባለቤቱ ፈቃድ ያለው ቢሆንም፣ ለተዋናዩ ፈቃድ አይሆነውም።

ጥቅምት 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ «ረስት» የተሰኘው ፊልም ሲዘጋጅ፣ ተዋናይ አሌክ ባልድዊን ከያዘው ሽጉጥ የወጣ እውነተኛ ጥይት የፊልም ቀራጭዋን ሃሊና ሃቺንስን ገድሏል። ሽጉጡ ለተዋናዩ የተሰጠው አደጋ የለውም ተብሎ ነበር። የመሣሪያ ኃላፊዋ በቸልተኝነት ሰው በመግደል የ18 ወር እስራት ተፈርዶባታል።

በአገራችንም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል፤ የሌሎችን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱ ይከብዳል። ስለሆነም ፕሮዲዩሰሩ አንድ የመሣሪያ ተጠሪ በጽሑፍ ሊሰይም፣ እውነተኛ ጥይትም ወደ ቀረጻ ቦታ እንዳይገባ ሊያደርግ ይገባል። «ባዶ ነው» የሚል ቃል አይበቃም፤ ተጠሪው መሣሪያውን በተዋናዩና በረዳት ዳይሬክተሩ ፊት ከፍቶ ያሳያል። እርሳስ የሌለው ጥይትም በቅርብ ርቀት ይገድላል።

ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ በተሠራ ምስለ መሣሪያ መቅረጽና የተኩሱን ድምፅ በኤዲቲንግ መጨመር ይመረጣል። ይህም ቢሆን ለአላፊ አግዳሚው እውነተኛ ስለሚመስል፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ለአካባቢው ፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።