ከክፍል የመውጣት መብት፦ ሕግና እምነት በሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች

የልደት በዓል፣ ታኅሣሥ 29፣ በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ትምህርት ቤቶች ከአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ዕረፍት ተመልሰው ሥራ በጀመሩበት ሰሞን ነው። ሌሊቱን በቅዳሴ ያሳለፈ ልጅ ጠዋት ክፍል ይገባል ወይስ ይቀራል? ዒድ በሥራ ቀን ሲውል የሙስሊም ቤተሰቦችም ጥያቄ ይኸው ነው። የሚኒሶታ ሕግ ለዚህ አጭር መልስ አለው። የትምህርት ዲስትሪክቶች ለሃይማኖታዊ በዓል መቅረት የሚሻን ተማሪ ለማስተናገድ ተገቢውን ጥረት እንዲያደርጉ፣ በዚህ ረገድ ያላቸውንም መመሪያ በየዓመቱ ለወላጆች እንዲያሳውቁ ያዝዛል።

ድንጋጌው ቀላል ይመስላል። ከጀርባው ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ክርክር አለ። ክርክሩም የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚያደርገው ነገር ከልጁ እምነት ጋር ሲጋጭ፣ ልጁ ከክፍል እንዲወጣ መፍቀድ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ነው። የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ጥያቄ በተለያዩ ዘመናት የተለያየ መልስ ሰጥቷል። ልጆቹን በሚኒሶታ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ዛሬ በእጁ ያለውን መብት ልክ የሚረዳው የእነዚህን መልሶች ቅደም ተከተል ሲያውቅ ነው።

የፋሪቦልት ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1857 የጸደቀው የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት የኅሊና ነፃነትን በሰፊ ቃላት አውጇል። በ1877 የተጨመረው ማሻሻያ ደግሞ የአንድን እምነት የተለየ አስተምህሮ ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የሕዝብ ገንዘብ እንዳይሰጥ ከለከለ። የዚያ ዘመን የሕዝብ ትምህርት ቤት ግን ከሃይማኖት ነፃ አልነበረም፤ መንፈሱ በአብዛኛው ፕሮቴስታንታዊ ነበር። ካቶሊኮች ልጆቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት ቤቶች የላኩት፣ ግብርና የትምህርት ክፍያ በአንድነት የተሸከሙትም በዚህ ምክንያት ነው።

የሴይንት ፖል ሊቀ ጳጳስ ጆን አየርላንድ መካከለኛ መንገድ ሞከሩ። በ1891 በፋሪቦልትና በስቲልዋተር ከተሞች የነበሩት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ለሕዝብ የትምህርት ቦርዶች ተከራዩ። መነኮሳይያት መምህራት በማስተማር ሥራቸው ቀጠሉ፣ ደመወዛቸውን ቦርዱ ከፈለ፣ የሃይማኖት ትምህርትም ከመደበኛው ሰዓት ውጭ እንዲሆን ተደረገ። በ1892 ቫቲካን ዕቅዱ «ሊታገሥ የሚችል ነው» አለች። ሆኖም ፕሮቴስታንቶች የሕዝብ ገንዘብ ለካቶሊኮች ዋለ ብለው፣ ከካቶሊኮችም ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ለመንግሥት አሳልፋ ሰጠች ብለው ተቃወሙት። ሙከራው ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከእርሱ የተረፈው ትምህርት አንድ ነው፦ እምነትንና የሕዝብ ትምህርት ቤትን በስምምነት ማዋሐድ ሁለቱንም ወገን አላረካም።

«ከፈለገ ይውጣ» በማይበቃበት ጊዜ

በ1927 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰሜናዊቷ ቨርጂኒያ ከተማ የተነሣ ክስ ቀረበለት። ጉዳዩ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ያለ ማብራሪያ ስለ መነበቡ ነበር። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ወሰነ። የአብዛኛው ሕዝብ ልማድ ለጥቂቶቹ ሸክም ሊሆን እንደሚችል የሕግ ሰዎች ገና አልተቀበሉም ነበር።

ለውጡ የመጣው በፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኩል ነው። በ1943፣ በጦርነቱ መካከል፣ ፍርድ ቤቱ የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ሊገደዱ እንደማይችሉ ወሰነ። ከሦስት ዓመት በፊት የሰጠውን ተቃራኒ ውሳኔ ነበር የሻረው። በ1962 በትምህርት ቤት የሚመራ ጸሎት፣ በ1963 ደግሞ በትምህርት ቤት የሚመራ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ሆኖ ተገኘ።

የ1963ቱ ጉዳይ ከፊሉ የተነሣው ከፔንስልቬንያ ነው። የዚያ ግዛት ሕግ ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ልጁ ከንባቡ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ከሳሹ አባት ግን ይህን ፈቃድ ያልጠየቀበትን ምክንያት ለፍርድ ቤት አስረዳ። ልጆቹ በመምህራንና በጓደኞቻቸው ዘንድ እንግዳ ተደርገው ይታያሉ፤ በኮሪደር መቆምም በዚያ ትምህርት ቤት የተቀጣ ልጅ ምልክት ነበር። ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቱ ራሱ አምልኮን ሲመራ የመውጣት ፈቃድ ጥፋቱን እንደማይሽር ደነገገ። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ድርጊቱ ራሱ መቆም ነበረበት።

ከጎረቤት የመጣው መርህ

በ1972 ከሚኒሶታ ጎረቤት ከዊስኮንሲን የመጣ ክስ ሌላ ዓይነት ጥያቄ አስነሣ። የአሚሽ ወላጆች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አንልክም አሉ። በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤቱ አምልኮ አልመራም፤ የሚያስተምረው ተራ ዓለማዊ ትምህርት ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ትምህርቱ የማኅበረሰቡን ሃይማኖታዊ አኗኗር የሚያፈርስ ከሆነ ወላጆች ሊገደዱ አይገባም አለ። በ1963 መፍትሔው የትምህርት ቤቱን ድርጊት ማስቆም ነበር፤ በ1972 ግን ትምህርቱ እንዳለ ሆኖ ልጁ እንዲወጣ ተፈቀደ።

ሚኒሶታም በራሷ መንገድ ወደዚህ መርህ ቀረበች። በ1990 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአሚሽ ሠረገሎች የመንገድ ምልክት ጉዳይ፣ የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት ከፌዴራሉ የሰፋ የሃይማኖት ጥበቃ እንደሚሰጥ ወሰነ። የግዛቲቱ የትምህርት ሕግም ወላጅ የትምህርቱን ይዘት አይቶ ካልተስማማ፣ ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ሆነም አልሆነ፣ ተለዋጭ ትምህርት እንዲመቻች መጠየቅ ይችላል ይላል። በዚህ ሳቢያም ተማሪው ሊቀጣ አይችልም። ወላጁ ራሱ የመረጠውን ተለዋጭ ትምህርት ወጪ ግን ትምህርት ቤቱ የመክፈል ግዴታ የለበትም።

የ1963ቱ ክልከላ ግን እንደጸና ነው፤ የቻርተር ትምህርት ቤቶች ታሪክ ይህን ያሳያል። ሚኒሶታ በ1991 በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ፣ ራሳቸውን በቻሉ ቦርዶች የሚመሩ ትምህርት ቤቶችን በሕግ ፈቀደች፤ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። በ2003 በኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የተከፈተው ታሪክ ኢብን ዚያድ አካዳሚ ከሙስሊም ቤተሰቦች የመጡ ብዙ ልጆችን አስተማረ። በ2009 የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት የሚኒሶታ ቅርንጫፍ በሕዝብ ገንዘብ እስልምናን ያራምዳል ሲል ከሰሰው፤ ትምህርት ቤቱ ክሱን አልተቀበለም። በ2011 አካዳሚው ተዘጋ። ክርክሩ የተነሣበት መስመር በ1877ቱ ማሻሻያ የተሰመረው ነው። ተማሪው በራሱ ፈቃድ መጸለይ ይችላል፤ የሕዝብ ትምህርት ቤት ግን የአንድ እምነት ተቋም መሆን አይችልም።

ከሴይንት ሉዊስ ፓርክ እስከ ሜሪላንድ

በ2024 መጀመሪያ ከሚኒያፖሊስ ጋር በምትዋሰነው ሴይንት ሉዊስ ፓርክ የሶማሌ ተወላጅ የሆኑ ሙስሊም ቤተሰቦች ልጆቻቸው የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችንና የጾታ ማንነትን ከሚያነሡ መጻሕፍት እንዲቀሩላቸው በጠበቆች በኩል ጠየቁ። ዲስትሪክቱ ጥያቄውን ተቀበለ፤ ጉዳዩም የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳያስፈልገው አለቀ።

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን መንገዱ ረጅም ሆነ። የትምህርት ቦርዱ መጀመሪያ ሰጥቶት የነበረውን ተመሳሳይ ፈቃድ በ2023 ሲያነሣ ሙስሊሞች፣ ካቶሊኮችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን በአንድ ሰልፍ ተገኙ። ሰኔ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ፣ ክርክሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ ቦርዱ ለወላጆች አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ልጆቻቸውን እንዲያስቀሩ እንዲፈቅድ የሚያስችል ውሳኔ ሰጠ። ዋና መሠረቱም የ1972ቱ የአሚሽ ፍርድ ነበር። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር፣ እያንዳንዱ ወላጅ ከማይወደው ሐሳብ ልጁን ማራቅ ከቻለ የጋራ ትምህርት ቤት ጥቅሙ ይጠፋል የሚል ሥጋታቸውን ገለጹ።

የአገር ቤቱ ሚዛን

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ አገሪቱን «ክፍት» እና «የቤተ ክርስቲያን» አካባቢዎች ብሎ ከፈለ። በሁለተኛው ክፍል ሚሲዮናውያን እምነታቸውን መስበክ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ነፃነቱ የተለካው በመሬት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ አዘዘ።

በሥራ ላይ ጎልቶ የወጣው ግን የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ክርክሩ ዘወትር የሚያጠነጥነው ትምህርት ቤቱን ከሃይማኖት በመጠበቅ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና እንዳይመዘገቡ ሲከለከሉና ክልከላው በፍርድ ቤት ሲታገድ፣ የተጋጩት እነዚህ ሁለት ንባቦች ናቸው። አንዱ ዓለማዊነት የተቋሙ መልክ ነው ይላል፤ ሌላው የተማሪው ነፃነት ዋስትና ነው ይላል። የሚኒሶታ ሕግ ሁለቱን ለያይቶ መያዝን ረጅም ጊዜ ወስዶ ተማረ፤ ተቋሙን ከአምልኮ ይከለክላል፣ ልጁን ግን እምነቱን በር ላይ ትቶ እንዲገባ አያስገድድም።

የመውጣት መብት ግን ወሰን አለው። መብቱ ለሚጠይቅ እንጂ ዝም ላለ አይሠራም። ልጁን ከአንድ ትምህርት ያስቀራል እንጂ ትምህርቱን ከሌሎች ልጆች አያነሣም። ኦርቶዶክሱ ወላጅ የሚገለገልበት ሕግ ሙስሊሙን፣ ጴንጤውን፣ እምነት የሌለውንም ያገለግላል፤ አንዱ ለራሱ ይዞ ለሌላው ሊነፍገው አይችልም። የፔንስልቬንያው አባት የተናገረው ሸክምም አልቀረም፤ ጓደኞቹ ሲማሩ የሚወጣው ልጅ ዛሬም በኮሪደር ብቻውን ሊቆም ይችላል። ወላጅ ስለዚህ መቼ እንደሚጠይቅ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይጠይቅም ማወቅ አለበት። ያ ውሳኔ የሚጀምረው ዲስትሪክቱ በየዓመቱ ከሚልከው፣ ብዙ ቤተሰብም ሳያነብ ከሚያስቀምጠው ማስታወቂያ ነው።