ካብ እና ግንብ

ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ካቻምና ነሐሴ ላይ ደሴ ያለው የቤታችን የጀርባ ግንብ ተደረመሰ። እማዬ ከማድ ቤት ከወጣች ሩብ ሰዓት እንኳን አልሞላም ነበር። ግንቡ ወፍራም፣ በሲሚንቶ የታሰረ፣ አባዬ የጡረታ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ነው። ጎረቤት ሁሉ "መሬቱ ከዳችሁ" አለን። ፍርስራሹን ስናነሳ ግን ከኋላው ያለው አፈር ገንፎ ሆኖ አገኘነው። ግንበኛው ለውሃ መውጫ አንዲት ቀዳዳ አልተወም። ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመው ውሃ ነው ገፍቶ የጣለው።

ከዚያ ወዲህ ነው የተዳፋት ቤት ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት። አማርኛችን እኮ ነገሩን ድሮ ለይቶታል፦ በደረቁ የተደረደረ ድንጋይ ካብ ነው፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ የተያያዘው ግንብ። ካብ በየስንጥቁ ውሃ ያሳልፋል።

ኮንሶን ተመልከቱ። ተራራው ከላይ እስከ ታች በካብ እርከን የተሸፈነ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ካቡ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመዘግበው ከ400 ዓመት በላይ የቆየ፣ 21 ትውልድ የተቀባበለው ባህል ነው ብሎ ነው። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፣ ዝናቡን ያቆያል፣ ትርፉን ደግሞ ያሳልፋል። የመንደሩም ቅጥር የተሠራው በዚያው ድንጋይ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የቱ ጋ ተራራው አልቆ የቱ ጋ ሰፈሩ እንደሚጀምር ይምታታል። ይህን ያደረገው ሕዝብ እስካቫተር አልነበረውም፤ ቢኖረው ያደርገው ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው።

ወደ እኛው ስንመጣ ላስታ አለ። ስለ ላሊበላ ሲወራ አብያተ ክርስቲያናቱ ብቻ ይነሳሉ (ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ነው፣ ከዚህ በላይ ከመሬት ጋር መዋሃድ የት አለ!)። እኔን የገረመኝ ግን የገበሬው ቤት ነው፦ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ፣ የአካባቢው ድንጋይ፣ ወደ ላይኛው ደርብ መውጫው በውጭ ደረጃ።

መኳንንቱ ሌላ ናቸው። እንጦጦም ሆነ አዲስ አበባ የምኒልክ ግቢ ያረፈው ከፍታ ላይ ነው፤ ከላይ ሆኖ ማየትም መታየትም የሥልጣን ነገር ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1911 ዊስኮንሲን ውስጥ ለራሱ ቤት ሲሠራ የኮረብታውን አናት ትቶ ግንባሩ ላይ አሳረፈው። አናቱን ከያዝከው ኮረብታው ይጠፋል ባይ ነበር። ስሙንም ታሊየሰን አለው፤ በዌልስ ቋንቋ "የሚያበራ ግንባር" እንደማለት ነው።

እኛ ቤት ጭቅጭቁ ይኸው ነበር። ቦታችን ከላይ እስከ ታች ወደ 4 ሜትር ይወርዳል። መጀመሪያ የቀረበልን ፕላን መሬቱን በሙሉ ቆርጦ ሜዳ የሚያደርግ ነበር፤ ከኋላ ደግሞ ባለ 4 ሜትር ግንብ፣ ያው የወደቀውን። እኔ ለሦስት እንክፈለው አልኩ፦ ከላይ 1.4 ሜትር ካብ፣ ቤቱ ውስጥ 1.2 ሜትር ልዩነት፣ ከታች ሌላ 1.4 ሜትር ካብ።

አባዬ አልተዋጠለትም። "ድንኳን የት ልንተክል ነው?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ለሠርግም ለለቅሶም ሜዳ የሌለው ግቢ ምን ግቢ ነው? የራይት መጽሐፍ ውስጥ ድንኳን የለም። እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፣ 1.2 ሜትር ማለት ስምንት ደረጃ ነው። ስንት ጊዜ ሠርዘን ሣልን! በመጨረሻ መኝታቸው፣ ማድ ቤቱና መጸዳጃው በላይኛው ወለል በአንድ ደረጃ ሆኑ፤ እማዬም በላይኛው በር በቀጥታ ወደ መንገድ ትወጣለች። ሳሎኑ ወደ ታች ወረደ፤ ከፊቱ ያለው እርከን ለድንኳን ተተወ።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ አባዬን ከፍርስራሹ ድንጋይ ሲመርጥ አገኘሁት። ሲሚንቶውን በመዶሻ እያራገፈ ለካቡ የሚሆነውን ለብቻ ይከምራል።