ማኅበር ያቆየው ሙያ፦ የቤኒን ናስ አንጥረኞች ታሪክ

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን የቅኔ ስም ስናስተምር፣ ስሙ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ መሆኑን ለተማሪዎቻችን እንነግራቸዋለን። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም በባዶው ቦታ ይፈስሳል። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ግን ይህንኑ ጥበብ በማኅበር ተደራጅተው ያቆዩትን አፍሪካውያን ብዙ ጊዜ ሳናነሣ እናልፋለን። ስለዚህ የቤኒን መንግሥት ናስ አንጥረኞችን ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን።

ቤኒን ስንል የዛሬዋን የቤኒን ሪፐብሊክ ማለታችን አይደለም። የጥንቱ መንግሥት ዋና ከተማ ቤኒን ሲቲ የሚገኘው በደቡብ ናይጄሪያ ነው፤ ሕዝቡ ኤዶ፣ ንጉሡም ኦባ ይባላል። በኤዶ አፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኦባ ኦጉኦላ ከኢፌ ንጉሥ ባለሙያ ጠይቆ፣ ኢጉኤጋ የተባለ አንጥረኛ ተላከለት። አንጥረኞቹ ኢጉን ኤሮንምዎን በተባለ ማኅበር ታቅፈው፣ በስማቸው በሚጠራው በኢጉን መንገድ ይኖሩ ነበር።

ማኅበሩ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። አለቃው ኢኔ ይባላል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ያለ ኦባው ፈቃድ ለሌላ ሰው መሥራት ክልክል ነበር። ኦባ ሲሞት ወራሹ የአባቱን መታሰቢያ ራስ ያሠራል። በቤተ መንግሥቱ ዐምዶች ላይ የተሰቀሉት የናስ ሰሌዳዎች ደግሞ ጦረኞችን፣ ባለሟሎችንና የፖርቱጋል ሰዎችን ያሳያሉ። ሥራዎቹ ለኤዶ ሕዝብ እንደ ዜና መዋዕል ያገለግሉ ነበር ለማለት እንችላለን።

ናሱስ ከየት መጣ? ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ፖርቱጋሎች በአምባር ቅርጽ የተሠራ ናስ እያመጡ በቅመም፣ በዝሆን ጥርስና በባሪያ ይለውጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ምርምር ከዚህ ናስ ብዙው የጀርመን የራይን ወንዝ አካባቢ ምርት መሆኑን አመልክቷል። እንግዲህ የምናደንቀው ሥራ የሰው ልጅ የተሸጠበት ንግድ ጥላም አለበት፤ ይህን ከተማሪዎቻችን ልንሰውር አይገባም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1897 የእንግሊዝ ጦር ቤኒን ሲቲን ያዘ። ቤተ መንግሥቱ ተዘረፈ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቅርሶች ወደ አውሮፓ ተጋዙ፤ ኦባ ኦቮንራምዌን ወደ ካላባር ተሰደደ፤ ከስደቱም ሳይመለስ ሞተ። አንጥረኞቹ ዋናውን አሠሪያቸውን አጡ። ዳሩ ግን ሙያው በአባላቱ እጅና ትዝታ ውስጥ ስለ ነበረ ሊጋዝ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1914 ዳግማዊ ኦባ ኤዌካ ሲነግሥ ማኅበሩ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ለሌላ ገዢም መሥራት ተፈቀደ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 በእጇ የሚገኙትን የቤኒን ቅርሶች ባለቤትነት ለናይጄሪያ ስታስተላልፍ፣ በኢጉን መንገድ ናስ መቅለጡ አልቆመም ነበር።

ይህን ከአገራችን ታሪክ ጋር እናነጻጽረው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን አሰባስበው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ሲሞቱና አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ የጋፋት ሥራ ቆመ። መድፉ ቀረ፤ የሚሠራው እጅ ግን አልቀረም። በእኛ አስተያየት አንዱ ምክንያት ሙያው በንጉሡ ፈቃድ ላይ እንጂ በባለሙያዎች ማኅበር ላይ ያልቆመ መሆኑ ነው። ሌላው ምክንያት ከዚህ የባሰ ነው፤ የራሳችንን ብረት ሠሪ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያልን ስናዋርድ የኖርን ሰዎች ነን።

ስለዚህ ይህን ትምህርት ስናስተምር ተማሪዎቻችንን በየአካባቢያቸው ወዳሉት አንጥረኞች እንላክ። ሙያውን ከማን እንደ ተማሩና ለማን እንደሚያስተምሩ ጠይቀው ይጻፉ። የሚያስተምሩት ሰው የለም የሚል መልስ ከመጣ፣ ለጥያቄው መልስ መፈለግ የእኛም የመምህራን ሥራ ነው።