የድመት ቁንጫና የልጅዎ ትኩሳት
ቁንጫ ማሳከክ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሉዊ ሲሞን በ1898 እ.ኤ.አ. ካራቺ ላይ የአይጥ ቁንጫ ቸነፈርን እንደሚያስተላልፍ አሳየ፤ ባልደረቦቹ ግን ለዓመታት አላመኑትም።

እኛስ ጋ? በማዕከላዊ ኦሮሚያ ከውሾችና ከድመቶች የተለቀሙ ቁንጫዎች ተመርምረው ትኩሳት የሚያመጡ ሁለት ባክቴሪያዎች፣ ሪኬትሲያ ፌሊስና ባርቶኔላ ሄንሴሌ፣ ተገኝተዋል። ጥናቱ የታተመው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። አዳማም ሆነ ባቱ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ ወባን እንመረምራለን፤ ልክ ነው። ወባ ካልተገኘ ግን ቤት ውስጥ ድመት እንዳለች ይንገሩን።

ድመቷ ላይ የሚያዩት ጥቂቱን ነው፤ እንቁላሉና እጩ ምንጣፍ ስር ነው። በድር ተጠቅልሎ የተኛውን ደግሞ መድኃኒት እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ድመቷን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፣ መኝታዋን በፈላ ውሃ ይጠቡ፣ ወለሉን ለሳምንታት ደጋግመው ይጥረጉ። ለቲማቲም የተገዛውን ፀረ ተባይ ፍራሽ ላይ አይርጩ፤ ልጁ እዚያው ነው የሚተኛው።