ምርትን በነፋስ ማዝራት፦ ከአውድማ እስከ ሰፌድ

ምርትን በነፋስ ማዝራት የተወቃን እህል ከገለባ፣ ከእብቅና ከአቧራ የመለየት ነባር የግብርና ሥራ ነው። የመኸር ሰብል በበሬ ተበራይቶ ወይም በዱላ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ፣ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ይከናወናል። አርሶ አደሩ ዓመቱን ከለፋበት ምርት ምን ያህሉ ጎተራ እንደሚገባ የሚወሰነው በዚህ ሥራ ጭምር ነው።

የአውድማው ሥራ

ለአውድማ ነፋስ የሚያገኘው ገላጣ ቦታ ይመረጣል። ቦታው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል፤ ይህም አፈርና ጠጠር ከእህሉ ጋር እንዳይቀላቀል ያግዛል። ሸራ ማንጠፍም ለዚሁ ይጠቅማል። ረጃጅሙ ጭድ በመንሽ ከተነሣ በኋላ ቀሪው በላይዳ እየታፈሰ ወደ ላይ ይበተናል። ክብደት ያለው ፍሬ አቅራቢያው ሲወድቅ፣ ገለባው ራቅ ብሎ፣ እብቁ ደግሞ ከዚያ አልፎ ያርፋል። በመካከል የሚቀረው ድብልቅ እንደገና ለነፋስ ይሰጣል።

ነፋሱ መካከለኛና አቅጣጫውን የማይቀያይር ሊሆን ይገባል። በተለይ ጤፍ ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ ብዙ ጊዜ ከ30 ግራም ይበልጣል። ስለዚህ ለስንዴ የሚመች ነፋስ ጤፉን ከእብቁ ጋር ጠርጎ ሊወስደው ይችላል።

ነፋስ ሲጠፋም ሌላ ስጋት አለ። ምርቱ አውድማ ላይ በቆየ ቁጥር ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብ ሊያገኘው፣ ሊሻግት ወይም ሊበቅል ይችላል። በመሆኑም ክምሩን ሸፍኖ ማሳደር፣ ነፋሱ ሲነሣም ሥራውን በደቦ ማፋጠን ይመከራል።

የሰፌዱ ሥራ

ነፋስ ሁሉን አይለይም። ጠጠርና ክብደታቸው ከእህሉ የሚቀራረብ የአረም ዘሮች ከምርቱ ጋር ይቀራሉ። እነዚህን የመለየቱ ኃላፊነት በአብዛኛው የሴቶች ሲሆን፣ መሣሪያውም ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋው ሰፌድ ነው። በማበጠር ቀሪው እብቅ ይበናል፤ በማንገዋለልና በማንተርተር ቀላሉ ወደ ላይ ሲወጣ ጠጠሩ ለብቻው ይለያል። ከገበያ እህል የሚሸምት የከተማ ነዋሪም ወደ ወፍጮ ከመላኩ በፊት ይህንኑ ያደርጋል። ከስንዴ ጋር የሚበቅለው እንክርዳድ ተፈጭቶ ሲበላ ራስ ስለሚያዞር በእጅ ተለቅሞ መውጣት አለበት።

ከጎተራ በፊት

በነፋሱ መነሻ በኩል፣ ከሁሉ ቀርቦ የወደቀው ፍሬ በአብዛኛው የሞላና ክብደት ያለው ነው። የራሱን ዘር የሚያስቀር አርሶ አደር ከዚህ ክፍል ቢመርጥ ይጠቀማል። ስባሪና አቧራ የበዛበት እህል ለነቀዝ ስለሚመች፣ ተጣርቶ ሊከተት ይገባል። የርጥበት መጠኑም ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ፍሬ የመድረቁ ምልክት ነው።

አቧራው ዓይንንና መተንፈሻ አካልን ስለሚጎዳ፣ የሚያዘራው ሰው ፊቱን ለነፋሱ አቅጣጫ ማጋለጥ የለበትም፤ አፍና አፍንጫውንም በጨርቅ መሸፈን ይኖርበታል። የተለየው ጭድ ለከብት መኖና ለቤት ምርጊት ስለሚውል፣ ዝናብ ሳያገኘው ተከምሮ መሸፈን አለበት።